ተራው የተጫዋቹ ነው፤ ማስታወሻውስ? በኢንተርኔት የሚደረጉ የተራ በተራ ጨዋታዎችና የማሳወቂያ ቁጥጥር

በአገራችን ጥንታዊ የሰንጠረዥ አጨዋወት ጨዋታው የሚጀመረው ያለ ተራ ነው። ወረራ በሚባለው የመክፈቻ ምዕራፍ ሁለቱ ተጫዋቾች አንዳቸው ሌላውን ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን እንደ ፈቀዱ ያሰልፋሉ፤ ተራ መጠባበቅ የሚመጣው ከሁለት አንዱ የተጋጣሚውን ጠጠር መጀመሪያ ሲበላ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሥርዓት ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ልማድ ገልጸውታል። ከዚህ የምንረዳው ተራ ተጫዋቾች ዐውቀው የሚገቡበት ውል መሆኑን ነው። ሰንጠረዥም ሆነ ገበጣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲጫወቱት ውሉን የሚያስከብር ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ተጋጣሚ ዐይን ዐይን እያየ ይጠብቃል። በስልክ የሚደረገው ጨዋታ ግን ሁለቱን ሰዎች አራርቋቸዋል። አንዱ ጠጠሩን አንቀሳቅሶ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ሌላው ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ይመልሳል። በመካከላቸውም ‹‹ተራህ ደርሷል›› የሚል ሦስተኛ ወገን ገብቷል። ይህ ሦስተኛ ወገን የሚታዘዘው ለማን ነው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ጥያቄው ከስልክ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1951 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የደብዳቤ ቼዝ ፌዴሬሽን ጨዋታውን በፖስታ ሲያስተዳድር ለዐሥር እርምጃ የተለመደው የማሰቢያ ጊዜ 30 ቀን ነበር፤ ደብዳቤው በመንገድ ላይ የሚያጠፋው ጊዜ በተጫዋቹ ላይ አይቈጠርም። መልስ ሲዘገይ ያንኑ እርምጃ ደግሞ ጽፎ መላክ የተጋጣሚው ፈንታ ነበር። አስታዋሹ ራሱ የጨዋታው ባለጉዳይ ነበር ማለት ነው። ፖስታ ቤቱ በበኩሉ ‹‹ናፍቀንሃል፤ ተመለስና ሌላ ደብዳቤ ጻፍ›› ብሎ የማንንም በር አያንኳኳም ነበር። ዛሬ ሊቼስና ቼስ ዶት ኮም ለአንድ እርምጃ ከአንድ እስከ ዐሥራ አራት ቀን የሚሰጡ ጨዋታዎች አሏቸው፤ የደብዳቤ ቼዝ ወራሾች ናቸው። የቃላት ጨዋታዎችና የስልክ ገበጣዎችም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። የተለወጠው ደብዳቤ አመላላሹ ነው፤ አሁን የራሱ ጥቅም ያለው ድርጅት ሆኗል።

ወደ ስልካችን የሚመጡትን መልእክቶች ልብ ብሎ ላያቸው ሰው በአንድ ደወል የሚጮኹ ሦስት የተለያዩ ድምፆች ናቸው። የመጀመሪያው የተጋጣሚው ድምፅ ነው፤ ‹‹ተጫውቻለሁ፤ ያንተን እጠብቃለሁ›› ይላል። ሁለተኛው የሰዓቱ ነው፤ ጊዜ ሊያልቅ መሆኑን ያስጠነቅቃል። ሦስተኛው የድርጅቱ ነው፤ ‹‹ሦስት ቀን አልመጣህም››፣ ‹‹ዛሬ ነጻ ሳንቲም አለ››፣ ‹‹ጓደኛህ አዲስ ደረጃ ላይ ደረሰ›› ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከጨዋታው ውል የሚመነጩ ናቸው። ሦስተኛው ከድርጅቱ የገቢ ዕቅድ ይመነጫል። ሦስቱን በአንድ ማብሪያና ማጥፊያ ያሰረ መተግበሪያ ተጫዋቹን ያልተገባ ምርጫ ውስጥ ይከተዋል፤ ወይ ማስታወቂያውን ታግሦ ተራውን ያውቃል፣ ወይ ሁሉንም ዘግቶ በሰዓት ይሸነፋል። እንደ እኔ እምነት የችግሩ ሥር ይህ እስራት ነው፤ የመልእክቶቹ ብዛት ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ነገሩን ከቀራንዮ ሆነን እንመልከተው። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚኖር አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ዋሽንግተን ካለ አብሮ አደጉ ጋር ለአንድ እርምጃ ሁለት ቀን በሚሰጥ ጨዋታ ገጥሟል እንበል። ጓደኛው ከሥራ ወጥቶ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሲጫወት ቀራንዮ ላይ እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። ‹‹ተራህ ደርሷል›› የሚለው ድምፅ ጥፋት የለበትም፤ ሰዓቱን አልጠበቀም እንጂ። ያው ተማሪ ሌሊት በጥበቃ ሥራ ራሱን የሚደግፍ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ለእርሱ ሌሊቱ የመጫወቻ፣ ረፋዱ የእንቅልፍ ጊዜ ነው። ‹‹ሰው ሁሉ ሌሊት ይተኛል›› ብሎ የጸጥታ ሰዓትን በተጫዋቹ ፈንታ የወሰነ መተግበሪያ ለአንዱ ደግ፣ ለሌላው ክፉ ይሆናል። ስለዚህ ሰዓቱን መምረጥ የሚገባው ተጫዋቹ ነው።

የሰፈራችን ሰው የሚያስታውሱትን ድምፆች ለይቶ ያውቃል። በንጋት የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ደወል ይሰማል፤ በኮልፌ በኩል አዛን አለ። ሁለቱም የሚሰማቸው ሰው ዐውቆ የገባባቸው ጥሪዎች ናቸው። የእድር ጥሩምባ በማለዳ ሲነፋ ደግሞ ሰው ከአልጋው ይነሣል፤ ምክንያቱም ያ ጥሩምባ ለሞት ብቻ እንደሚነፋ ያውቃል። የእድሩ ሊቀ መንበር በዚያው ጥሩምባ ‹‹ሰሞኑን ጠፋችሁብን፤ ብቅ በሉ እንጂ›› እያለ ሠፈሩን ቢቀሰቅስ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ለለቅሶም የሚነሣ አይገኝም ነበር። የጨዋታ ድርጅቶች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ለራሳቸው ማስታወቂያ ሲሉ የሚያባክኑት ተጫዋቹ በተራ ማስታወሻ ላይ ያለውን አመኔታ ነው።

የቴክኒኩ መሠረት ለመለየት አይቸግርም። አንድሮይድ እ.ኤ.አ. በ2017 ካወጣው ስምንተኛ ዕትሙ ጀምሮ ማሳወቂያዎችን በየዓይነታቸው በሰርጥ መክፈል ይቻላል፤ ተጠቃሚውም አንዱን ሰርጥ ዘግቶ ሌላውን መክፈት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዐሥራ ሦስተኛው ዕትም ደግሞ መተግበሪያው ማሳወቂያ ከመላኩ በፊት ፈቃድ እንዲጠይቅ አስገድዷል። ይሁን እንጂ ፈቃዱ የሚጠየቀው ለመተግበሪያው በጅምላ ነው፤ ሰርጦቹንም የሚከፍለው አዘጋጁ ነው። ‹‹አጠቃላይ›› የሚል አንድ ሰርጥ ብቻ ከፍቶ ሦስቱንም ድምፆች በዚያ የሚያፈስ አዘጋጅ አሠራሩን አልጣሰም። አፕል በመመሪያው ማስታወቂያ አዘል ማሳወቂያ ያለ ተጠቃሚው ግልጽ ፈቃድ እንዳይላክና በመተግበሪያው ውስጥ መዝጊያ እንዲኖረው ይጠይቃል። በአገራችን ግን አብዛኛው ሰው የሚይዘው የአንድሮይድ ስልክ ነው። በሌላ በኩል ማስታወቂያ የማያስተናግደውና ምንጩ ክፍት የሆነው ሊቼስ የሰዓት ማለቅ ማስጠንቀቂያን፣ የግል መልእክትንና የውድድር መጀመርን ለየብቻ ያስመርጣል፤ የተጫዋቹን የደብዳቤ ጨዋታዎች ዝርዝር በቀን አንድ ጊዜ በኢሜይል የሚልክበት አማራጭም አለው። ‹‹ናፍቀንሃል›› የሚልበት የገቢ ምክንያት ስለሌለው መለየቱ አይከብደውም።

የተመራማሪዎችን ሥራ ለሚሻ አንባቢ ሦስት ጥናቶችን ላንሣ። ካሪ ስቶታርትና አብረው ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳዩት ሰው ስልኩን ሳይነካና መልእክቱን ሳያይ የማሳወቂያ ድምፅ መስማቱ ብቻ በያዘው ሥራ ላይ ያለውን ትኩረት ይጎዳል። ማርቲን ፒዬሎና ሉስ ሬሎ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ሠላሳ ሰዎች ለሃያ አራት ሰዓት ማሳወቂያ እንዲያጠፉ ተደረገ፤ በሥራቸው ላይ ያለው ሁከት ቀነሰ፣ ነገር ግን ከሌሎች የመራቅና የሆነ ነገር ያመለጣቸው የመሆን ስጋት አደረባቸው። ኒኮላስ ፊትዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ማሳወቂያዎች ተጠራቅመው በቀን ሦስት ጊዜ ሲደርሱ ተጠቃሚዎቹ እንደተሻላቸው፣ ፈጽመው ሲቋረጡ ግን ጭንቀት እንደጨመረ ዘገቡ። ሦስቱ ሲነበቡ ‹‹ካስቸገረህ አጥፋው›› የሚለው የተለመደ ምክር ደካማ መሆኑ ይታያል። ሰው የሚፈልገው ጸጥታ ሙሉ አይደለም፤ ራሱ በመረጠው ጊዜ መስማት ነው። ለአንድ እርምጃ ሦስት ቀን በተሰጠበት ጨዋታ ላይ በቀን ሦስት ጊዜ ተጠራቅሞ የሚደርስ ማስታወሻ ማንንም አያሸንፍም፣ ማንንም አያሸንፍበትም።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ በአግባቡም መመለስ አለበት። ተራ በተራ የሚደረግ ጨዋታ የሁለት ሰዎች ነው። እኔ ማስታወሻዬን ብዘጋ የሚጠብቀው ሌላው ነው፤ ስለዚህ የእኔ ነጻነት በእርሱ ጊዜ የሚከፈል ነው ይባላል። ተቃውሞው እውነት አለው። አንድ ተጋጣሚ ባለማስታወስ ብቻ ጨዋታውን ለሳምንታት ሲያንጠለጥለው ያላየ ተጫዋች ጥቂት ነው። ሆኖም ተቃውሞው ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል። እኔ ለተጋጣሚዬ የገባሁት ቃል በሁለት ቀን ውስጥ እንደምጫወት ነው፤ ቃሉም በሰዓቱ ተጽፏል፣ ብጥሰውም ቅጣቱ መሸነፍ ነው። ቃሌን እንዴት እንደምጠብቅ ግን የራሴ ጉዳይ ነው። አንዱ በማስታወሻ፣ ሌላው ማታ ማታ ሰሌዳውን በመክፈት ልማድ፣ ሦስተኛው በግድግዳው ላይ በሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ሊጠብቀው ይችላል። ከባልንጀራዬ ብር የተበደርሁ ሰው የመክፈያውን ቀን ማክበር ግዴታዬ ነው፤ በየማለዳው በሬን እንዲያንኳኳ መፍቀድ ግን የብድሩ አካል አይደለም። ተጋጣሚ ፈጣን ጨዋታ ከፈለገ መጠየቅ ያለበት አጭር ሰዓት ነው። ረጅም ሰዓት ተስማምቶ በማስታወሻ ብዛት ማሳጠር ውሉን በጓሮ በር መለወጥ ይሆናል።

በአንዳንድ የቃላት ጨዋታዎች ያለው የ‹‹ቀስቅሰው›› አዝራር ግን ከዚህ ትንሽ ይለያል፤ እዚያ የሚያስታውሰው ራሱ ተጋጣሚው ነው፣ እንደ ጥንቱ ደብዳቤ ጸሐፊ። ይህን አልቃወምም። ተቀባዩ በቀን ስንት ጊዜ ሊቀሰቀስ እንደሚፈቅድ አስቀድሞ መወሰን ይገባዋል፤ ተጋጣሚውም ያን ወሰን ሊያየው ይገባል። ሰውየው በሥራ ቀን እንደማይቀሰቀስ ዐውቆ የገጠመ ሰው የሚቀየመው ነገር አይኖረውም።

ከሌሎች አገሮች ጥናት ቀድተን የማንፈታው የራሳችን ችግርም አለ፤ እርሱም የኔትወርክና የመብራት መቋረጥ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ በተንቀሳቃሽ ስልክ የሚገኘው ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ አንሥቶ ለወራት ተዘግቶ ነበር። ከላይ እንደተባለው ለአንድ እርምጃ የሚሰጠው ረጅሙ ጊዜ ዐሥራ አራት ቀን ነው። በስልኩ ዳታ ብቻ የሚጫወት ሰው በእነዚያ ጊዜያት በጀመራቸው ጨዋታዎች ሁሉ በሰዓት ይሸነፍ ነበር ማለት ነው። በርግጥ በእነዚያ ቀናት የሰው ሐሳብ ከጨዋታ በብዙ የከበደ ጉዳይ ላይ ነበር። ነገር ግን ጉዳዩ የማስታወሻ አሠራር በምን ግምት ላይ እንደተገነባ ያሳያል፤ መልእክቱ ከተላከ ደረሰ ተብሎ ይታሰባል፣ ዝም ያለ ተጫዋችም እንደ ቸለተኛ ይቈጠራል።

አሠራሩን ትንሽ ጠለቅ ብለን እንየው። አብዛኞቹ የአንድሮይድ መተግበሪያዎች ማሳወቂያ የሚልኩት በጎግል ፋየርቤዝ አገልግሎት በኩል ነው። ስልኩ ከኔትወርክ ውጭ ከሆነ አገልግሎቱ፣ አዘጋጁ ሌላ ካላዘዘ በቀር፣ መልእክቱን እስከ አራት ሳምንት ያቆያል፤ ለአንድ ስልክ ከመቶ በላይ መልእክት ከተጠራቀመ ግን ሁሉንም ይጥላል። ውጤቱን አየር ጤናም ሆነ ቤቴል መብራት ጠፍቶ በመጣ ማግሥት ስልኩን የከፈተ ሰው ያውቀዋል፤ ደወሉ በተከታታይ ይጮኻል፣ ግማሹ ጊዜው ያለፈበት ነው። ‹‹ተራህ ደርሷል›› ይላል፤ ጨዋታው ግን ትናንት ተዘግቷል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። የመልእክቱ ዕድሜ በጨዋታው ሰዓት ላይ ከቀረው ጊዜ እንዳይበልጥ ማዘዝ ይቻላል። የአንድ ጨዋታ አዲስ መልእክት አሮጌውን እንዲተካ ማድረግም ይቻላል፤ እርግጥ ይህ መተካት ለአንድ ስልክ በአንድ ጊዜ ከአራት በማይበልጡ መለያዎች የተወሰነ ስለሆነ ብዙ ጨዋታ ለሚያካሂድ ሰው ጨዋታዎቹን አጠቃልሎ ‹‹አምስት ጨዋታዎች ይጠብቁሃል›› የሚል አንድ መልእክት መላክ ይሻላል። ከሁሉ በላይ ግን ተጫዋቹ አስቀድሞ ‹‹ለሁለት ቀን ከኔትወርክ ከጠፋሁ ሰዓቴን አቁሙልኝ፤ ለተጋጣሚዬም ንገሩት›› ብሎ ሊያዝ ይገባዋል። የዕረፍት አዝራር ያላቸው መድረኮች አሉ፤ ኔትወርክ የተቋረጠበት ሰው ግን አዝራሩን ሊነካ አይችልም። አላግባብ እንዳይሠራበት ተጋጣሚው በጨዋታው መጀመሪያ መስማማቱና ዕረፍቱ በዓመት መገደቡ ይበቃል።

ሁለተኛው የእኛ ጉዳይ ሰዓት ነው። የጸጥታ ሰዓት ቅንብር በአማርኛ በተተረጐሙ መተግበሪያዎች ውስጥ እንኳ ‹‹22:00 – 07:00›› ተብሎ ይቀርባል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ለማለት የፈለገ ተጫዋች በስድስት ሰዓት ልዩነት እያሰላ መሙላት አለበት፤ ሲሳሳት ደወሉ እኩለ ሌሊት ይጮኻል፣ በቀትር ዝም ይላል። የሶፍትዌር ሠሪዎች የሚመሩበት ሲኤልዲአር የተባለው ዓለም አቀፍ የቋንቋና የአካባቢ ልማድ መረጃ ቋት የቀን መቁጠሪያችንን ይዟል፤ ከንጋት የሚጀምረውን የሰዓት አቆጣጠራችንን ግን አያስተናግድም። የቋንቋው ነገርም አለ። ‹‹ጊዜህ በ6 ሰዓት ያልቃል›› የሚል ማስጠንቀቂያ ከአሁን ጀምሮ ስድስት ሰዓት ቀርቷል ማለት ነው ወይስ ቀትር ላይ ያልቃል ማለት ነው? የቃል በቃል ትርጉም ይህን አሻሚነት ሳያውቀው ያመጣዋል። ‹‹ስድስት ሰዓት ቀርቶሃል›› ቢባል ይጠራል። ‹‹ተራህ›› የሚለው ቃል ራሱ ለወንድ ብቻ መሆኑንም ማለፍ አይገባም፤ ‹‹ተራሽ›› ወይም ‹‹ተራዎ›› መባል የምትሻ ተጫዋች ይህን የምትመርጥበት ቦታ በቅንብሩ ውስጥ ቢኖር ወጪው ከኢምንት አያልፍም።

ሕጋችን ምን ይላል? የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የንግድ ማስታወቂያ በኢሜይል ማሰራጨትን ይከለክላል፤ ላኪው ማንነቱንና አድራሻውን ገልጦ ቀላል የማቋረጫ መንገድ ካቀረበ ግን አያስጠይቅም። የስልክ ማሳወቂያ በቃሉ አልተጠቀሰም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ሰው መረጃው በሚሠራበት መንገድ ላይ ተቃውሞ የማቅረብ መብት ሰጥቷል፤ ተጫዋቹ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚነቃ አጥንቶ ‹‹ናፍቀንሃል›› የሚል መተግበሪያ ከዚህ መብት የሚያመልጥ አይመስለኝም። ቢሆንም ተራ ለመንገርና ለማባበል የሚላኩ መልእክቶች በአንድ ሰርጥ እስከመጡ ድረስ ተቃዋሚው ሁለቱንም ማጣቱ አይቀርም። የአዋጁን አፈጻጸም የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን መመሪያ ሲያወጣ ይህን መለያየት በግልጽ ቢያስገባው አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል።

ቁጥጥርን ለተጫዋቹ መስጠት ብቻውን በቂ አለመሆኑን አልክድም። ኤሪክ ጆንሰንና ዳንኤል ጎልድስታይን እ.ኤ.አ. በ2003 በአካል ክፍል ልገሳ ላይ እንዳሳዩት ብዙ ሰው የተሰጠውን ነባሪ ቅንብር ሳይነካ ይተወዋል። ሃያ አዝራሮች ያሉት የቅንብር ገጽ አዘጋጁን ከወቀሳ ያድነው እንደሆነ እንጂ ተጫዋቹን አያድነውም። ስለዚህ ነባሪው ራሱ ለተጫዋቹ ማድላት አለበት፤ የተራና የሰዓት ማስታወሻ በርቶ፣ የድርጅቱ ጥሪ ጠፍቶ ይምጣ። የጸጥታ ሰዓቱ በመጀመሪያው ጨዋታ መክፈቻ ላይ በአንድ ጥያቄ ይጠየቅ። ከዚያ በላይ ያለው ለሚፈልገው ብቻ ይቆይ።

ገበጣን ለስልክ ያዘጋጁ እንደ ቅኔ ጌምስ ያሉ የአገር ውስጥ ተቋማት አሉ፤ በየዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ክፍሎችም የጨዋታ መተግበሪያ ለመመረቂያ ሥራ የሚመርጡ ተማሪዎች አይጠፉም። ርእስ ለሚፈልግ ተማሪ ይህን አቀርባለሁ። በቀራንዮ ፈቃደኛ የሆኑ የገበጣ ተጫዋቾችን በሁለት ይክፈል፤ ለሁሉም ለአንድ እርምጃ ሦስት ቀን ይስጥ። ለአንደኛው ወገን እያንዳንዱ ማሳወቂያ በደረሰበት ቅጽበት ይላክ፤ ለሁለተኛው በመረጡት ሰዓት፣ በእኛው የሰዓት አቆጣጠር፣ ተጠራቅሞ ይድረሰው። ከዚያም ሁለት ነገሮችን ይቊጠር፤ በሰዓት የተሸነፉትን ጨዋታዎችና ማሳወቂያውን ጨርሰው የዘጉትን ተጫዋቾች። ሁለተኛው ቊጥር ከመጀመሪያው ይበልጥ ለጨዋታ ድርጅቶቹ ዜና ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።